አባቴ ያረፈበት የባቡር ግቢ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 8 ሰዓት።
ዛሬም ምስሉ አልወረደም። የሳተላይት ኢንተርኔት ያለበት ሱቅ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ክቡ ስልኬ ላይ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል። ኤጭ!

የሚልክልኝ ፖርት ሱዳን ያለ ሰውዬ ነው። የድሮ ፎቶ ከሚለዋወጡ ሰዎች የስልክ ግሩፕ ነው ያገኘሁት። አባቱ እዚህ ገዳሪፍ የሐዲድ መሐንዲስ ነበሩ፤ የጣቢያውን ፎቶና ካርታ አስቀምጠዋል።

ማስታወሻዬ፣ ለምን እንደምጣደፍ አንተ ታውቃለህ። ጦርነቱ እየቀረበ ነው። ሎሪው ቅዳሜ ወደ መተማ ይወጣል። እማዬ ደግሞ የአባትሽን አፅም ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ብላለች። አባዬ ባቡር ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ወባ ገደለው፤ ጓደኞቹ እዚያው ግቢ፣ የውኃ ታንከሩ ሥር ቀበሩት። ዛሬ ሐዲዱም ታንከሩም የለም። ቤትና የሰሊጥ መጋዘን ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20።
ተገኘ! ያለ ካርታ!
እማዬ ታንከሩ እዚህ ነበር ብላ የማለችበት ቦታ፣ የሐጂ ኑሩ ግቢ ጥግ ነው። ሐጂ የሰሊጥ ነጋዴ፣ የአገራችን ሰው፤ ቆፍሩ፣ ችግር የለም አሉ። መጀመሪያ የታንከሩ መሠረት ወጣ፣ ከአጠገቡ አፅም። እማዬ መሬት ላይ ተደፋች። ይኸው ወሰድኩህ፣ ይኸው ወሰድኩህ ትላለች። እኔም አልቅሼ አልወጣልኝ አለ።
በአቡጀዲ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ አደረግነው። ቄሱ ዓርብ ፍትሐት ያደርሳሉ። እማዬ ዛሬ ጠግባ በላች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት።
ምስሉ ወረደ። ምነው ባልወረደ።
ካርታው ላይ ታንከሩ ሁለት ነው። አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በምሥራቅ። ፎቶው የተነሣው አባዬ ሊሞት አንድ ወር ሲቀረው ነው። የምዕራቡ፣ እኛ የቆፈርንበት፣ ያኔ ፈርሷል፤ ጉቶው ብቻ ይታያል። እማዬ ደግሞ ሲቀብሩት ውኃው ከላይ ይንጠባጠብብኝ ነበር ትላለች። ከፈረሰ ታንከር ምን ይንጠባጠባል?
አባዬ ያለው በምሥራቁ ነው። ዛሬ እዚያ ትልቁ መጋዘን ቆሟል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ እስከ ጣራው ሰሊጥ።
ታዲያ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የማን ልጅ ነው? ወይ ጉድ።
ላጥፋው? ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? ኸላስ፣ በቃ፣ ይዘነው እንሂድ። ትሞትብኛለች እዚህ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22።
ቄሱ የአባዬን ክርስትና ስም ጠየቁ። እማዬ ነገረቻቸው። በሌላ ሰው አፅም ላይ የአባዬን ስም ሊጠሩ! አልቻልኩም። ጎትቼ ወደ ጓዳ አስገባኋት፣ ፎቶውን አሳየኋት።
ጣቷን የቆመው ታንከር ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ረገመችኝ። ምን አለ አፍሽን ብትይዢ፣ ምን አለ አገሬ እስክገባ ብትታገሺኝ። ከረገመችኝ በኋላ አቀፈችኝ። 
ቄሱ፣ ስሙን እግዚአብሔር ለሚያውቀው ብለው ፈቱት። ሐጂ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወደ ቦታው መለሱት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ማለዳ።
ሎሪው ሞተሩን አስነሥቷል። ሾፌሩ በመስኮት ይጮኽብኛል። እማዬ የለችም። ከምንጣፏ ጋር ጠፍታለች።
መጋዘኑ ግድግዳ ሥር አገኘኋት፣ በምሥራቁ። አንቺ ሂጂ፣ እኔ ባሌን አገኘሁት አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ወይ ፍንክች!
የሁለታችንን ቦታ ከካርቱም ለተፈናቀለች እናትና ለልጇ ሰጠሁ። ሻንጣዬን አወረድኩ። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ፀሐዩ ሳይበረታ ውኃ ልውሰድላት፤ ዛሬ እዚያው አጠገቧ እውላለሁ።