ከመርከብ የወረዱት ጠርሙሶች

ይድረስ ለእትዬ ደስታነሽ፣
አሰብ

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? የጋሽ ኩማ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም እየተነጫነጨ ክሬኑ ላይ ይወጣል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርሷን ነቀለች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስልሽ እንግዲህ ቆመን እንሄዳለን፣ ሥራ እንገባለን፣ ሲመሽ እንተኛለን። እማዬም አለች። ስለ እርሷ የምጽፍልሽ ብዙ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ግን አትደንግጪ፣ ዛሬ ደህና ናት።

የቦቴው ሹፌር ጠሀ ሁለተኛውን ካርቶን ባለፈው ሳምንት አድርሶልኛል። እግዜር ይስጠው፣ ያን ሁሉ መንገድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ስላመጣው አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም። ሁለቱን ጥቁር ጠርሙሶች ግን ሳልከፍት መልሼ ሰጠሁት። ይህን ስታነቢ፣ እኔ ከመርከበኛ ለምኜ፣ የኩማን ኩርፊያ ችዬ የላክሁትን ትመልሰዋለች ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ብትቆጪም እውነት አለሽ። ብዕር ያነሳሁት ምክንያቱን ከሥሩ ልነግርሽ ነው።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ የእማዬን ደም ብዛት ለክቶ ጨው የሚባል እንዳትቀምስ፣ ለጨጓራዋም በርበሬ እንዳይደርስባት ማለቱን ጽፌልሽ ነበር። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ በትንሽ ድስት ለእርሷ ብቻ ሠርቼ፣ በትንሽ ሰሃን ለብቻዋ አቀረብሁላት። ሰሃኑን አየች፣ እኔን አየች፣ "ለምጽ ወጣብኝ እንዴ?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባባ ቤት እንዴት እንዳደግን መቼም አትረሺውም። እኛ ዘንድ ከገበታ የሚለይ ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ ሰው የሚጸየፈው በሽታ የያዘው ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሙሴ፣ መቼም ባሌ ሲናገር ደግ ነው፣ "እንግዲያው ሁላችንም እንደ እርሷ እንብላ" አለና ገላገለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨውም በርበሬም ከቤታችን ወጣ።

ጨው የሌለው ወጥ አንድ ቀን ይበላል፣ ሁለት ቀንም ይበላል። አምስት ወር ግን ጉድ ነው እትዬ። አንቺ በጨው አገር ተቀምጠሽ ባሕሩን እያየሽ ትስቂ ይሆናል። ሙሴ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ስብሰባ ነበረብኝ እያለ ከንፈሩ ወዝቶ መምጣት ጀመረ። የምን ስብሰባ፣ የበርበሬው ሽታ ከበር ያስታውቅ ነበር። ጽጌሬዳና ታናሿ በምሳ ሰዓት የጎረቤታችን የእትዬ ሙሉጌጥ በር ላይ መጫወት አበዙ። እኔ ቀኑን ሙሉ ታይፕ ስመታ ውዬ፣ ከቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ፣ ቤት ገብቼ የሠራሁትን ወጥ የሚበላልኝ አጣሁ። እማዬ ራሷ ሦስት ጉርሻ ጎርሳ በቃኝ ትል ነበር። ቀሚሷ ላይዋ ላይ ሰፋ። እንግዲህ ያኔ ነው አልቅሼ የጻፍሁልሽ፣ አንቺም ነሐሴ ላይ የመጀመሪያውን ካርቶን የላክሽው።

ያን ቀን ቤቱ ዓመት በዓል መሰለ። በየጠርሙሱ አንገት በክር ያሰርሻቸውን ወረቀቶች ጽጌሬዳ እንደ አዋጅ ጮክ ብላ አነበበችልን። ቢጫውን ከፖላንድ መርከብ ያልሽውን እማዬ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ፣ ይሄማ ሰናፍጭ ነው፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው ብላ አሳቀችን። የቲማቲሙን ስጎ ልጆቹ ዳቦ ላይ እየቀቡ በሦስት ቀን ጨረሱት። የህንዱ ማንጎ እሳት ስለሆነ ከእማዬ ደብቄ ለሙሴ ሰጠሁት። እንባው እየወረደ በላው፣ ጨረሰውም። የቀረው ያ ትልቁ፣ በማናውቀው ፊደል የተጻፈበት ጥቁሩ ጠርሙስ ነበር። ወረቀትሽ ላይ ከጃፓን መርከብ፣ ለዓሣም ለአትክልትም ይሆናል ብለሻል።

ሐይቁ ዳር ወርጄ ከአስጋሪዎቹ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ጠብሼ ከዚያ ጥቁር ስጎ አፈሰስሁበት። እትዬ፣ እማዬ በላች። አራተኛውን ስትጎርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ቀና ብላ ለሙሴ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችለት። ከመጋቢት ወዲህ ለማንም አጉርሳ አታውቅም ነበር። በማግስቱ ለጎመኑ አደረግሁት፣ ከዚያ ለድንቹ፣ ከዚያ ለሽሮው ሁሉ። ሙሴ ስብሰባው ቀረለት። ልጆቹ ከእትዬ ሙሉጌጥ በር ተመለሱ። እማዬ አባባ የገዛት በቅሎ ገበያ መሀል እንዴት እንደጣለችው እያወራች ታስቀን ጀመር፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ትታው የነበረውን መዝሙርም በለሆሳስ ታዜመው ነበር። ጠርሙሱ ሲጋመስ ነው ቶሎ ብለሽ ሁለት ጨምሪልኝ ብዬ የጻፍሁልሽ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የእማዬ እግር ጫማዋ ውስጥ አልገባ አለ። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ትንፋሿ አጥሮ ትራስ ደራርበንላት ካልሆነ መተኛት አቃታት። በጋሪ ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ዶክተር ሙህዲን የሚባሉ ወጣት ሐኪም ናቸው፣ የልጅ አዋቂ። ደሟን ለክተው ደግመው ለኩ። ጨው ትበላለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። በአባባ አጽም ብዬ ማልሁ፣ ከመጋቢት ጀምሮ በቤታችን አንዲት ቁንጥር ጨው የለም አልሁ። እንግዲያው የምትበላውን አምጪልኝ አሉኝ። ሄጄ የተረፈውን ጎመን በሰሃን፣ ጥቁሩንም ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ከጠርሙሱ ጣታቸው ላይ አንጠብጥበው ቀመሱ።

"ይህ እኮ ጨው ነው" አሉኝ፣ "የጠቆረ ጨው።"

ከአኩሪ አተር እንደሚሠራ፣ ሳይበላሽ እንዲቆይም ጨው እንደሚሞላበት አስረዱኝ። አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? እኛ ጨው የምንለው ከቀበሌ ሱቅ በኪሎ የሚመጣውን፣ በእጅ ቆንጥረን የምንበትነውን ነጩን ነው። ጥቁር ውኃ ጨው ይሆናል ብሎ ማን ያስባል እያልሁ ልምል እችላለሁ። ግን ምላሴ የመጀመሪያውን ቀን ነግሮኝ ነበር። የሎሚ ጎምዛዛነት የሎሚ እንደሆነ ይህም የራሱ ጣዕም ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት። ሙሴን ብጠይቀው እርሱም ጠርጥሮ ነበር። ቤቱ እንዳይበርድ ፈርቶ ዝም አለ። ጽጌሬዳ እንኳ፣ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ጨው ጨው ይላል ብልሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርሁሽ አለችኝ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው እያወቀ እናቱን አበላ።

ስድስት ቀን ተኝታ ውኃው ከላይዋ ወረደ። በሰባተኛው ቀን ቤት መልሰናት ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋት። ራሴን ዳሰሰችኝ።

"ከመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ" አለችኝ። "ስድሳ ዓመት ጨው የበላ አፍ ይስተዋል? ግን ሙሴ ከእኛ ጋር ራቱን በላ፣ ልጆቹ ከሰው ቤት ተመለሱ። ታዲያ ምን ልበል? አሁን ሰሃኔን ለዪልኝ።"

ለየሁላት። እኛ በጨውና በበርበሬ እንበላለን፣ እርሷ የራሷን። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነች ልቧ አይችለውም ብለውኛል፣ ስለዚህ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም የባሕር ማዶ ስጎ ከእርሷ አርቄያለሁ። አሁን ለእርሷ የምጠቀመው ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ነው። አይከፋም፣ ትበላዋለች። ችግሩ ሌላ ነው። ሰሃኑ ይለይ እንጂ እጅ አይለይብኝ ትላለች። ሌላ ሰው ከሰሃኗ ካልቆረሰ አትጀምርም። ልጆቹ ሁለቴ ቆርሰው ይሸሻሉ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ከእርሷ ጋር እበላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሙሴ እንዳይከፋው ትልቁ ገበታ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለት ራት እበላለሁ እትዬ፣ አንዱም ራት አይሆነኝም።

ሐሙስ ሐሙስ መሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስላለው የምሳ ሰዓታችንን ይወስደዋል፣ መቅረት አይቻልምና ለምሳ ቤት አልመጣም። ባለፈው ሐሙስ ወደ ማታ ስገባ ጠዋት ሠርቼ የተውሁላት ሰሃን እንደከደንሁት ቁጭ ብሏል። እማዬም አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ኪኒኗን በባዶ ሆዷ ውጣዋለች። ተናደድሁባት። እናቴ ላይ ጮኽሁባት፣ እንደ ሕፃን የሚያጎርስሽ ልቅጠርልሽ ወይ አልኋት። ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ለብቻዋ በላች፣ ጠርጋ ጨረሰችው። ብትራብብኝ ይሻለኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስሁ።

ደክሞኛል እህቴ። ጠርሙስ ስትልኪ ልብሽ አብሮ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ምስጋናዬም ከልብ ነው። ግን ከሰሃኗ ማዶ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል። ቢያንስ ለአንድ ወር ነዪ። ጋሽ ኩማ ቅር ቢለውም ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፣ ሰው ነው ይገባዋል። የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌያችሁ ለመጠየቅ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል ስላሉኝ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ፣ እንዳይጠፋብሽ።

ሙሴ እጅ ነሥቷል፣ ስለ ማንጎውም ያመሰግናል። ጽጌሬዳና ታናሿ አክስታችንን ሳሚልን ይላሉ። እትዬ ሙሉጌጥ ሰላም ትልሻለች። ለጋሽ ኩማ፣ ለልጆቹ ሁሉ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ለደስታነሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብያት ብዙ አሰበች።

"ገበታው ቀርቧል፣ እጇን ታጥባ ትምጣ በያት" አለችኝ።

እህትሽ ታቢታ
አዋሳ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.