በወ/ሮ ሥራዬ አሻግሬ ሞትና ዘጠነኛ ሆኖ በቀረው ጥያቄያቸው ላይ የተሰጠ መግለጫ

ከስሜን እናቶችና የጤና ባለሙያዎች የምርምር ጉባኤ
ደባርቅ፣ መጋቢት 16 ቀን 2009 ዓ.ም.

የጉባኤያችን መሥራች አባል የነበሩት የአምባራሷ አርሶ አደር ወ/ሮ ሥራዬ አሻግሬ ሴት ልጅ በተገላገሉ በሰባ አንደኛው ቀን፣ መጋቢት 14፣ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ጉባኤው እጅግ አዝኗል። አፍሯልም፤ ያፈረበትንም ምክንያት ሳይሸፋፍን ለአባላቱና ለሕዝብ ያሳውቃል።

ወ/ሮ ሥራዬ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የስኳር ሕመም የተገኘባቸው በ2003 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጃቸውን ሲያረግዙ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ስለዚህ ሕመም ምን ይጠና የሚለውን ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ታማሚዋም እንድትወስን ይህ ጉባኤ ሲቋቋም፣ ከእናቶች ወገን ቀድመው የፈረሙት እሳቸው ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ከጊች እስከ ዳባት ገጠሮች በእግራቸው ዞረው የስልሳ ሦስት እናቶችን ጥያቄ ሰብስበዋል። ፊደል ስላልቆጠሩ ሁሉንም በቃላቸው ይዘው መጥተው አስጽፈዋል። ለምርጫ ከቀረቡት አሥራ አራት ጥያቄዎች ስድስቱ በእሳቸው በኩል የመጡ ነበሩ።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ምርጫው ተካሄደ። እያንዳንዱ አባል አምስት የባቄላ ፍሬ ተሰጥቶት፣ ይጠናልኝ ባለው ጥያቄ ላይ ያኖር ነበር። የወ/ሮ ሥራዬ ጥያቄ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ኧረ በማርያም! ሴት የወለደች አራስ ልጇ ክርስትና ሳትነሳ ከደጅ አትወጣም። ሰማንያ ቀን ነው። እናንተ ሁላችንንም በስድስት ሳምንት ለምርመራ ኑ ትሉናላችሁ። እስቲ በዚያ መሀል ስኳሩ ምን እንደሚያደርገን ማን አየ?»

ሰብሳቢው ዶ/ር ገዱ ድረስ ቀጠሮ ማስተካከል የአስተዳደር እንጂ የምርምር ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱ። በዕለቱ ከአሥራ ሁለቱ እናቶች አምስቱ አልተገኙም፤ አምስቱም ሴት ልጅ ወልደው አራስ ቤት ነበሩ። ጉባኤው ግን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ብሎ ቀጠለ። ጥያቄው ዘጠነኛ ወጣ። ለጥናት ያለፉት የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ።

ወ/ሮ ሥራዬ ጥር 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲወልዱ ስኳሩ ወርዷል ተብሎ መድኃኒቱ ቆመ፤ ለየካቲት 15ም ተቀጠሩ። ልጅቱ ክርስትና አልተነሳችምና አልመጡም። በካርዳቸው ላይ «ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው ባለሙያ የዚህ ጉባኤ አባልና በዚያ ስብሰባ የነበረ ሰው ነው።

ውሃ ጥሙን፣ ክሳቱንና ድካሙን ቤተሰቡ የአራስ ነው ብሎ አለፈው። መጋቢት 12 ሰው መለየት ሲያቅታቸው፣ ባለቤታቸው አቶ ያርጋል ከጎረቤት ጋር በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አደረሷቸው። ደባርቅ ደርሰው ሲለካ ስኳራቸው መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ከቀብር መልስ መዝገቡን ገለጥን። በሦስት ዓመት ውስጥ ከወ/ሮ ሥራዬ ሌላ «ፈቃደኛ አይደለችም» የተባሉት እናቶች ሠላሳ አንድ ናቸው። ሃያ ሰባቱ የወለዱት ሴት ልጅ ነው። ከሃያ ሰባቱ እስከ ትናንት ማታ አሥራ ዘጠኙን በየቤታቸው አግኝተን ለክተናል፤ አራቱ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሳያውቁት ሲኖሩ ተገኝተዋል። ስምንቱን አላገኘንም። ስማቸው ለየቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተልኳል። ውሃ አልበቃ ያላት፣ እየከሳች ያለች አራስ በቤቱ ያለችው ሰው ሁሉ ክርስትናውን ሳይጠብቅ ይጥራን፤ መለኪያው ወደ ቤት ይመጣል። የወ/ሮ ሥራዬ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ምርጫ አንደኛ ነው። አምላክ ስምንቱን በሕይወት ያቆይልን።

ለአቶ ያርጋል፣ ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ለአምባራስ ሕዝብና ለጉባኤው እናቶች መጽናናትን እንመኛለን። ሕፃኗ በመጪው ሳምንት ክርስትና ስትነሳ አባሎቻችን ከቤተሰቡ ጎን ይቆማሉ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነበርና ሰርዘነዋል። ወ/ሮ ሥራዬ በክርስትናው ማግሥት ወደ ደባርቅ ለምርመራ ሊመጡ፣ ከጎረቤት በቅሎ ለምነው ቀን ቆርጠው ነበር።