ድምፅ የሚያጠራው ቁልፍ

እሑድ ጠዋት፣ ሚያዝያ 12

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ፣

ስደውል አታነሺም፤ የጽሑፍ መልእክቴንም ከፍተሽ አታዪም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። በምትሠሪበት ሆስፒታል አድራሻ ስለምልከው፣ የዋርዱ ነርሶች ካንቺ ቀድመው እንዳያነቡት ፖስታውን ግጥም አድርጌ አጣብቀዋለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ የአዲሱን መሥሪያ ቤት ደረጃ ቻለው? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እነጫነጫለሁ።

የምነጫነጭበትን ልንገርሽ። ያ የለመድነው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሞተ። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዘው ራሱን አደሰና፣ ሲነሳ የድሮውን ሶፍትዌር አላውቀውም አለ። አምስት ዓመት ሙሉ የምንወደውን ድራማ ትዕይንት እየቆራረጥን በዘፈን ላይ የሰፋንበትን፣ የድራማውን የመርከብ ካፒቴን ስንት ጊዜ ከወደብ ያስነሳንበትንና ያስለቀስንበትን ነው አላውቀውም ያለው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ብወስደው አዲስ ጫነልኝና፣ ይሄኛው ራሱ ያስባል፣ አንተ ዝም ብለህ ማየት ነው አለኝ። ራሱ ከሚያስብ ነገር ጋር ተስማምቼ መኖር እንደማልችል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?

አንድም ቁልፍ ስም የለውም፤ ሁሉም ሥዕል ነው። መቀስ ያለበትን ብነካ ምስሉንም ዘፈኑንም አንድ ላይ ገመሰው። መጥረጊያ የሚመስለውን ብነካ የሁለት ሰዓት ሥራዬን ጠርጎ ወሰደው። ልብ የተሳለበትን ነካሁ፤ በካፒቴኑ እናት ቀብር ላይ ቀይ ልቦች እንደ ዝናብ ይወርዱ ጀመር። ላጠፋቸው ስታገል ጭራሽ መሽከርከር አመጡ። ደግሞ ለሙከራ የተሰጠ ነው ብሎ በካፒቴኑ ግንባር መሃል ላይ የሠሪውን ድርጅት ማኅተም መታበት፤ ሰውየው መርከብ የሚነዳ ሳይሆን ከቀበሌ የወጣ ደብዳቤ መሰለ። በከፈትኩት ቁጥር ደግሞ “አስራ አንድ ቀን ቀርቶሃል” ይለኛል። እናንተ ሆስፒታል እንኳ ለሰው እንዲህ ፊት ለፊት አይነገርም።

ሃያ ሁለት ዓመት የልብስ ማጠቢያ ማሽን የጠገንኩ ሰው ነኝ። ውሃ አላወጣ ያለውን አስወጥቻለሁ፣ እየዘለለ ከቤት ልውጣ የሚለውን አደብ አስገዝቻለሁ። ይሄ ግን የሚፈታ ብሎን እንኳ የለውም። በምኑ ልያዘው?

እንደምንም ብዬ አንዱን ጨረስኩት። ካፒቴኑ ሲሄድና የወደቡ መብራት ጠባቂ ሴት ከመስኮት ስታየው ያለውን ነው፤ አንቺ የምትወጂውን። ድሮ ከኋላዬ ቆመሽ የዘፈኑን ምት በጣትሽ ትከሻዬ ላይ ትመቺልኝ ነበር፤ እኔም እዚያው ላይ እቆርጥ ነበር። አሁን ትከሻዬን የሚመታ ስለሌለ በዓይኔ ገምቼ ቆረጥኩ። ካፒቴኑ ዘፈኑ ሳይደርስ ይዞራል፤ ሴትየዋ ዘፈኑ ካለፈ በኋላ ታለቅሳለች። ቪዲዮዎቻችንን የምንለጥፍበት ገጻችን ላይ አወጣሁት። ተመልካቾቻችንን ታውቂያቸዋለሽ፣ ምሕረት የላቸውም። አንዱ “ካፒቴኑ ከዘፈኑ ጋር ተጣልቷል እንዴ?” ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ ደግሞ “ጆሮ ያላት ሴትዮ የት ሄደች?” አለች።

ደሜ ፈላ። እዚያው ሥር “ሳትነግረኝ ጥላኝ ሄዳለች” ብዬ ጻፍኩ። ስድሳ ሰው አይዞህ አለኝ፤ የማላውቃቸው ሰዎች አንቺን ረገሙልኝ። እንዳየሽው አውቃለሁ። ስልክ ማንሳት ያቆምሽው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ስጽፈው ግን እውነት መስሎኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ለእናትሽም፣ ለወንድምሽም፣ ማሽን ለምጠግንላቸው ደንበኞች ሁሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ሚስቴ ወደ ሌላ ከተማ መዛወሯን ያወቅኩት ሻንጣዋን በር ላይ ሳየው ነው እያልኩ። ያን ዕለት አንቺ “ነግሬህ ነበር” ስትይኝ “መቼ?” ብዬ ጮኼብሻለሁ። ሻንጣሽን አንስተሽ ወጣሽ። ያንን ጥፋትሽን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

አሁን የረቡዕን ልንገርሽ። ከሥራ በምሳ ሰዓት ተመልሼ ያን ጉደኛ ስጎረጉር፣ ጆሮ የተሳለበት ቁልፍ አገኘሁ። መመሪያው የማይቋረጥ ጫጫታን አውጥቶ የሰው ድምፅ ያጠራል ይላል። እስቲ ይፈር ብዬ ካለን ቅጂ ሁሉ የከፋውን ድምፅ ፈለግሁለት። ለቪዲዮዎቻችን መግቢያ የምትናገሪበት ማይክ አምጥቼ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሞከርኩት ቀን ትዝ ይልሻል? ለጥገና ቤት ያመጣሁት የአንድ ደንበኛ ማጠቢያ ማሽን ኮሪደሩ ላይ እየጨመቀ ነበር። እኔም የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ቅጂው ውስጥ የማሽኑ ጩኸት እንጂ ሌላ አይሰማም ነበርና ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

ቁልፉን ነካሁት። ማሽኑ ዝም አለ። ከሥሩ ያንቺ ድምፅ ወጣ።

“ዝውውሩ ጸድቋል። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? አንተ እንድትነግረኝ ነው የምፈልገው።”

ከዚያ የኔ ድምፅ፤ “እሺ፣ እሺ። አንዴ፣ ማይኩን እየሞከርኩ ነው።”

ከዚያ ወንበር ሲሳብ ይሰማል፤ በር ይዘጋል። ከዚያ እኔ፤ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።”

መጀመሪያ በሶፍትዌሩ ተናደድኩ። ራሱ ያስባል ተብሎ የለ፣ ከየትም አምጥቶ ቀጠለብኝ አልኩ። ደግሜ ከፈትኩት። በሦስተኛው ላይ ከመናገርሽ በፊት ጉሮሮሽን ስትጠርጊ ሰማሁ፤ ለበሽተኛ ቤተሰብ ከባድ ነገር ልትናገሪ ስትዪ የምታደርጊውን። ያን ማንም ማሽን ሊፈጥረው አይችልም። ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ አልተመለስኩም።

በማግስቱ ወንድምሽ ፀጉር ቤት ሄድኩ። በየሁለት ሳምንቱ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው አንቺን የማማሽ። ፎጣውን አንገቴ ላይ ሲያስር ሁሉንም ነገርኩት፤ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር። የፀጉር ማሽኑን አጠፋና ከመስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

“ያን ቀን ማታ እናታችን ቤት መጥታ ነግራናለች” አለኝ። “ሰው ፊት አታሳፍሩት፣ ራሱ እስኪደርስበት ተዉት ያለችን እሷ ናት።”

ከዚያ ፀጉሬን መቁረጡን ቀጠለ። እኔ አንቺን ስከስ እሱ ዝም ብሎ አምስት ወር ቆርጦልኛል። እናትሽም ቤት ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝና፣ በላህ ወይ ነው ያሉኝ።

ገጻችን ላይ ያን የጻፍኩትን አጥፍቼ በቦታው “ነግራኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ” ብዬ አስቀመጥኩ። ከስድሳዎቹ አይዞህ ባዮች አንድም አልተመለሰም። ያቺ “ጆሮ ያላት ሴትዮ የት ሄደች?” ያለችው ብቻ “ለእኛ አይደለም የሚነገረው” ብላ ጻፈችልኝ።

ግን አንቺስ? ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅለሽ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዬ መንጭቀሽ “ስማኝ!” ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንድ ጊዜ ጠይቆ መተው ምን የሚሉት ኩራት ነው? እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ይጠየቃል?

አሁንም እየተነጫነጭኩ ነው። ከላይ ያለውን ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ንጹሕ ደብዳቤ ብልክልሽ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስልሻል። ማሽን የሚያጓራበት ቤት ውስጥ ሹክሹክታ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ጮክ ብለሽ ነበር የተናገርሽው፤ ባይሆን ማይኩም አይይዘውም ነበር።

ለመጪው ሐሙስ ከወርክሾፑ ፈቃድ ወስጃለሁ። አውቶቡሱ እናንተ ከተማ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይገባል። የሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ተረኛ ከሆንሽ እስክትወጪ እቀመጣለሁ። ነይ ተመለሺ ብዬ ልጎትትሽ አይደለም የምመጣው፤ ሥራሽን እንደወደድሽው ወንድምሽ ነግሮኛል። ላንቺ ጥያቄ ግን መልስ አለኝ። በወረቀት አይሆንልኝም፤ አምስት ወር የዘገየ መልስ ቢያንስ በአፍ መነገር አለበት። ከዚያ አንቺ ትናገሪያለሽ፤ የፈለግሽውን ያህል።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ በእግሩ ቆሞ ይሂድ። ወገብሽን ይማርልኝ።

ባልሽ