ስክሪኔ ላይ የገባ እጅ

ጥቅምት 4

ልጁ ተኝቷል። የክሊኒኩን ሕንፃ ፕላን መንደፌን ቀጠልኩ። የምነድፍበት ፕሮግራም ያለው ቢሮ፣ ትልቁ ሰርቨር ላይ ነው፤ እኔ ጋ በኔትወርክ የሚመጣው ምስሉ ብቻ። ማውዜ ይቀድማል፣ መስመሩ እያዛጋ ይከተላል። የዘረጋልኝ ባለቤቴ ነው፣ የቢሮው አይቲ ሠራተኛ። ከወለድኩ ወዲህ ቤት ሆኜ የምሠራው በዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ለራሴ ጌታው እለዋለሁ። «እህቴ፣ ፕላናችን የት ደረሰ?» ፕላናችን! እርሳስ ይዞ አይቼው አላውቅም። ወሬ ላይ ግን ማን ብሎት!

ጥቅምት 9

የማውዙ ቀስት ብቻውን ሄደ። እጄን አነሳሁ... አሁንም ይሄዳል። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«አለቃችን ፕላኑን ማየት ፈልጎ ነው። ያንቺ ስክሪን እሱም ጋ እንዲከፈት አድርጌለታለሁ።»

ማየት? ቀስቱ ወደ ፕላኑ ጥግ፣ የነዳፊው ስም ወደሚጻፍበት ሄዶ ስሜን አጠፋ። የራሱን ጻፈ፤ በሁለት ጣት፣ ፊደል እየገደፈ። አጠፋሁበት። ጻፈ። አጠፋሁበት። ከባለቤቴ ስልክ ኋላ የጌታው ጩኸት ተሰማኝ፦ «ይሄ ነገር አብዷል እንዴ! ና ተመልከተው!» ሳቄ መጣ። ሰው ምን ያህል ቢደነቁር ነው?

ባለቤቴ በሹክሹክታ፦ «በናትሽ እጅሽን አንሺ። ይጻፍ፣ ተይው።»

ሳቄ ቆመ። ያውቅ ነበር ማለት ነው?

ጥቅምት 10

«ቤት ሆነሽ እንድትሠሪ የፈቀደልሽ እሱ ነው። ቢከለክልሽስ? ስም ምን ያደርግልሻል?» ይላል የኔው ሰውዬ፣ ልጁን እያባበለ። ጌታው እንኳ ሌባ ነው፤ ሌባ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል። ይሄኛው ግን ለሌባ በር ከፋች... ያውም በገዛ ሚስቱ ላይ! አፈርኩበት።

ጥቅምት 13

ዛሬ ሐኪሟ፣ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ፕላኑን ልታይ ቢሮ መጣች። ባለቤቴ ጠዋት አስጠንቅቆኝ ነበር፦ «የስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚታየው ያንቺው ስክሪን ነው። አደራ፣ እንዳትነኪው።»

ጥጉ ላይ የጌታው ስም ተገትሯል። ልተወው? ሆዴ ገፍቶ፣ ሜትር ይዤ በየክፍሉ የተንከራተትኩት እኔ! አጠፋሁት። ሁሉም እያዩ የራሴን ጀመርኩ። ስሜን ጨርሼ ያባቴን ልቀጥል ስል ስክሪኑ ጨለመ። መስመሬ ተቆረጠ። መቁረጥ የሚችል አንድ ሰው ነው...

ማታ ባለቤቴ ሲመጣ ራሱ ነገረኝ። ሐኪሟ ስሜን አንብባ «ይቺ ክፍሎቹን ስትለካ የነበረችው ልጅ አይደለችም? የት ናት?» ብላ ጠይቃለች።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ለቅቃለች አልኩ... ምን ልበል ታዲያ?»

እራቱን ሲበላ አየሁት። እንዴት ይዋጥለታል?

ጥቅምት 17

ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ቢሮ ገባሁ። አሁን እኔና ልጄ የምናድረውም እናቴ ቤት ነው። ሐኪሟ ተመልሳ ስትመጣ በር ላይ ጠብቄ ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት። «አለሽ እንዴ!» ብላ እጄን ይዛ ስብሰባው ውስጥ አስገባችኝ። ፕላኑን እኔ ሳስረዳ ጌታው ጣሪያውን ያጠናል። ይሄን የቢሮ ጣሪያም ቢሆን የነደፍኩት እኔ ነኝ፣ ይየው!

ባለቤቴ እየተርበተበተ ወንበር ይዞልኝ መጣ።

«አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ» አልኩት።