ያልተቀበልነው መቋሚያ

አርብ፣ ኅዳር 4 ቀን 1957

ጠዋት ውርጭ፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ። እኔ፣ የሺና ብርቱካን ነበርን። ገበያው ሲፈታ አረቄ ቤቴ ሞላ። አንድ ገበሬ ከየሺ ጋር ሊገባ ፈልጎ ዱላዬን አልሰጥም አለ።

«ዱላዬን ትቼ ባዶ እጄን ልግባ?»

«ቤቴ ውሻ የለም፣ ጋሼ። የምነክስ እኔ ብቻ ነኝ!» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰጣት። አጥቢያውን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ማን ያውቅሃል? አልኩት። ባለ በቅሎው ጓዴ መጥቶ «አውቀዋለሁ፣ ደህና ሰው ነው» አለ። ከዚያ ገባ። ደንባችን ይኸው ነው። የየሺ ክፍል ከኔ ጋር በግድግዳ የተያያዘ ነው። በየመሃሉ «የሺ፣ ጨው አለሽ?» እላለሁ። «አለኝ» ካለች ደህና ናት። «የለኝም» ካለች በሩን እንገፋለን።

ዛሬ አለኝ አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል አልሄድኩም። ፊደሉ አልያዝ አለኝ። የሺ አልጋዬ ላይ ናት። ግራ ክንዷ ተሰብሯል። የፊት ጥርሷም…

ትናንት ሊመሽ ሲል አንድ ሰው መጣ። ነጭ ጥምጥም፣ ኩታ፣ መቋሚያ። ከስማዳ ለማኅሌት የመጣሁ መሪጌታ ነኝ አለ። ብድግ አልን። የሺ እንደ ልማዷ እጇን ለዱላ ዘረጋች… መቋሚያ መሆኑን ስታይ መልሳ ሰበሰበችው። አየችኝ። ካህናት ማኅሌት የሚቆሙበትን ማን ነጥቆ ከደጅ ያስቀምጣል? መሪጌታንስ ማን ያውቅዎታል ብሎ ማን ይጠይቃል? «ይግቡ፣ የኔታ» አልነው። ከየሺ ጋር ገባ።

ጨው አለሽ? አልኩ። መልስ የለም። ከእንግዳው አፍራ ነው ብዬ ተውኩት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቆ ኖሯል። ሲወጣ በበሬ አለፈ። «ደህና እደሪ» አለኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁት።

እጅ ነሣሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ወጌሻው አለሙ ክንዷን አሰረላት። አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ሄድኩ።

«መሪጌታ በመቋሚያ ሴት ደበደበ ብለሽ ልትከሺ?»

«ክንዷን ይዩት፣ ጌታዬ።»

«ጠጥታ ወድቃ ይሆናል። የናንተ ነገር መቼ ያልቃል!»

ከዚያ የነፍስ አባቴ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ። ማኅሌቱ ላይ እሳቸው አድረዋል። «የስማዳ መሪጌታ? አላየሁም፣ ልጄ» አሉ። ሌሎቹንም ጠየቁልኝ። ያየው የለም። ታዲያ ማነው? መቋሚያውን ከየት አመጣው? አሁን በየትኛው ገበያ፣ በየትኛዋ ደጅ ቆሟል… ይግቡ የምትለውስ ማን ናት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ጓዴ ወደ ወገዳ ገበያ ሊሄድ ነው። እዚያ ላሉት ሴቶች ንገርልኝ አልኩት፤ ጥምጥም ያሰረም ቢሆን በትሩ ከደጅ ይቅር፣ አጥቢያውም ይጠየቅ። «አብደሻል? ካህን ታስፈትሻለች ሊሉሽ ነው» አለ። ቢሆንም እነግራለሁ ብሎኛል።

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መንገዱን በዘንግ ቋ ቋ እያደረገ አለፈ። የሺ ሽንቷ አመለጣት።

«መጣ! እትዬ፣ መጣ!»

«አልመጣም። ሌላ ሰው ነው።»

«ማንንም እንጨት አስይዘሽ እንዳታስገቢብኝ።»

«አላስገባም።»

«በሚካኤል በይ።»

«በሚካኤል።»

ማምሻውን የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል መልእክት ላኩ። ነገ ጠዋት መጥተው ጠበል ሊረጯት ነው። እሳቸው ደግሞ ከመቋሚያቸው ተለይተው አያውቁም። ምን ልሁን? ከተቀየሙኝ ስሞት ማን ይፈታኛል? እንደኔ ያለች ሴት ያለ ነፍስ አባት ከሞተች በቤተ ክርስቲያን ግቢ ማን ይቀብራታል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ተነሣሁ። እሳት አነደድኩ። የገብስ አጥሚት አሞቅኩ። ደጁን ጠረግኩ።

አባ ጠበሉን በቅል ይዘው መጡ። መቋሚያቸው ድንጋዩን ሲነካ የሺ ከውስጥ ጮኸች። ደፉ ላይ ቆምኩ።

«አባ፣ መቋሚያውን ከደጅ ይተዉልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ከደጅ ይተዉልኝ።»

«ዘርፌ! እኔን ነው? የነፍስ አባትሽን?»

«እርስዎንም፣ አባቴ።»

«ከዚያ ወንበዴ ጋር አንድ አደረግሽኝ!»

«አላደረግኩም። እሷ የምትሰማው ግን እንጨቱን ነው።»

መንገደኛው ቆሞ ያያል። ብርቱካን ከማዶ «ኧረ እትዬ፣ ተይ!» ትላለች። እግራቸው ላይ ወድቄ ሳምኩ። ደፉን ግን አልለቀቅኩም። ያስቀምጡታል ብዬ ነበር…

«ሌላ የነፍስ አባት ፈልጊ» አሉኝ። ጠበሉን እንደያዙ ተመለሱ።

ተነሣሁ። ቀሚሴን አራገፍኩ። በሩን ዘጋሁ። ትራሱን ከፍ አድርጌ አጥሚቱን በማንኪያ ሰጠኋት።

«ገቡ?» አለችኝ።

«አልገቡም» አልኳት።

የቀረውን ራሷ ይዛ ጠጣችው።