ስም ያጣችው የአባዬ መኪና

ለውድ ወንድሜ ላይል፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? አንተስ፣ ብሮንዊንስ፣ መንትዮቹስ እንደምን ናችሁ? ያ የማዕድን አቧራ ደረትህን ተወው ወይስ አሁንም ሌሊት ያስልሃል? እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል ሲሉ ሰምቼ ቀናሁ፤ እኛ በረዶ ስንዝቅ ከረምን። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ከርትም «ወገቤን፣ ወገቤን» ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ልጃችን ጁን በቁመት ልታልፈኝ ነው፤ በምላስማ ካለፈችኝ ቆየች። አባዬም ደህና ነው። ይህን ላስደስትህ ብዬ የጻፍኩት እንዳይመስልህ፤ በእውነት ደህና ነው። ባለፈው በስልክ «ድምፁ ምን ሆኗል?» ስትለኝ ጉንፋን ነው ያልኩህ ጉንፋን አልነበረም። ነገሩ አሁን ስላለፈ ከነጓዙ ልጻፍልህ፤ በስልክ ብጀምረው ሳቄ እየቀደመኝ አልጨርሰውም።

የሪሞት መኪና የምንወዳደርበትን አዳራሽ ዛሬ ብታየው አታውቀውም። አንተ ስትሄድ ምን ነበረን? የድሮው የስኬቲንግ ወለል፣ ለድንበር የዘረጋነው የአትክልት ውሃ ጎማ፣ የአስተዋዋቂያችን የቨርጂል ማይክና የሚስቱ ቃሪያ የበዛበት የባቄላ ወጥ። አሁን ወለሉ በሙሉ ግራጫ ምንጣፍ ለብሷል። ሰዉ መኪናውን በቆዳ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። ጎማ የሚያሞቁበት ትንሽ ብርድ ልብስ አላቸው፤ ልጅ እንኳ እንዲህ ተጠቅልሎ አያውቅም! የመኪናዋን አራት እግር ለየብቻ የሚመዝን ሚዛን አለ። «የኋላ ግራው ሦስት ግራም ከበደብኝ» ብሎ ፊቱን አጥቁሮ የሚቀመጥ ጎልማሳ አይቻለሁ። መጀመሪያ ስስቅባቸው ነበር። ሲነዱ ሳይ ግን ሳቄን ዋጥ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ያቺ የጫማ ሳጥን የምታክል መኪና ኩርባውን ስትገባ እንዴት እንደምትታዘዝላቸው ብታይ፣ የኛ ጊዜው ነገር ጨዋታ ነበር ትላለህ።

የመኪኖቹም ስም ሌላ ሆኗል። ድሮ ከፋብሪካ ሲወጡ የአውሬ ወይም የነፋስ ስም ነበራቸው፤ ሳጥኑ ላይ እሳት ተስሎ። የዛሬዎቹ ፊደልና ቁጥር ናቸው። ቨርጂል «ኬ አራት ነጥብ ሁለት ሲ» ሲል የሎተሪ ዕጣ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያንዳንዷ ሥራ አላት። የመጀመሪያዋ ፊደል የመኪናውን ዓይነት ትናገራለች፤ ቁጥሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ስንት ጊዜ እንደታረመ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ደግሞ የሚሮጥበትን ወለል፤ ሲ ለምንጣፍ፣ ዲ ለአፈር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ቆጥሮ ትውልዱን እንደሚያውቅ ሰው ነው። ከገባኝ በኋላ ወደድኩት። አባዬ ግን «ቁጥር ለእስረኛ ነው፤ መኪና ስም ይወጣላታል» ብሎ ድርቅ አለ።

ደግነቱ የኛ ልማድ አልጠፋም። አንተም ቀምሰኸዋል፤ አዲስ መኪና አንድ ባትሪ እስክትጨርስ ስም የላትም፤ ከዚያ አጥሩ ላይ የተደገፈው ሰው እየጮኸ ያወጣላታል፤ ባለቤቱ አፉን ይዘጋል። ስድብ ካልሆነ ደግሞ ስም አይደለም። ያንተ «ሰክሮ ገባ»፣ የኔ «ቀስ በይ አክስቴ»፣ የቨርጂል «የቀዘቀዘ ሾርባ»። በፕላስተር ተጽፎ ሻንሲው ላይ ይለጠፋል፤ ሻንሲው ሲሰበር ስሙም አብሮ ይሞታል። ይህን ሁሉ በኛው ጋራዥ የጀመረው አባዬ ነው። አዲሶቹ፣ እነዚያ ባለሚዛኖቹ ሳይቀሩ፣ ስም እስኪወጣላቸው ድረስ እንቅልፍ የላቸውም። ማሪሴላ ኦንቲቬሮስን አታውቃትም፤ ከሄድክ በኋላ የመጣች ናት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ትቀርጻለች፤ በነዳች ጊዜ የሚደርስባት የለም። የሷ መኪና «ግብር ሰብሳቢ» ትባላለች፤ ከማንም ሳትወስድ አታልፍማ! ስሙ የወጣ ዕለት ለእናቷ ደውላ በደስታ አለቀሰች ይላሉ።

እንግዲህ ኅዳር ላይ የአባዬ «አሮጌ ቂም» ሻንሲዋ ለሁለት ተሰበረ። ግድግዳ ላይ ሰቀልናትና አዲስ መኪና አዘዘ። የመጀመሪያው እሁድ ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ምላሱን ስሎ ጠበቀ። የመሥራቹ መኪና ናታ! መኪናዋ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተገለበጠች። አነሷት። ሁለተኛው ላይ ተገለበጠች። አነሷት። ባትሪው ሲያልቅ ከመሮጧ መገልበጧ ይበልጥ ነበር። እኔ እንግዲህ ስድቡ ሊወርድ ነው ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ፣ ጸጥ። አንዱ «አይዞህ ሚስተር ዱዌይን» አለ። ሌላው «ጥሩ ሞክረሃል» አለ። አስበው እንጂ ላይል! በኛ አዳራሽ! ሚስተር!

ወደ ቤት ስንመለስ ፒክአፑ ውስጥ አባዬ «ዊላ፣ አዘኑልኝ» አለኝ። «ሰው የሚሰድበው ተፎካካሪውን ነው። ለሽማግሌ ግን ይታዘንለታል።» በሚቀጥሉትም እሁዶች ያው ሆነ፤ መገልበጥ፣ በእርጋታ ማንሳት፣ ጸጥታ። ቨርጂል ሌላውን ሁሉ በስሙ ሲጠራ፣ አባዬ ጋ ሲደርስ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ «የዱዌይን ሃቨርካምፕ መኪና» ይላል፤ አባዬም ጥርሱን ይነክሳል። በመጨረሻ የክፍለ ግዛቱ ውድድር እኛ ጋ እንደሚደረግና በዕጣ ለሚታደል ስጦታም ዕቃ እንደሚሰበሰብ ሲነገር፣ «የኔን ሪሞት ውሰዱ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልነዳም» ብሎ ቃል ገባ። ከእማዬ ሞትና ከዳሌው ቀዶ ጥገና ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ያ እሁድ ብቻ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እሱን ከተወ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እንደሚቀር ገባኝ። ድምፁ ያነሰብህ ያን ሰሞን ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማሪሴላ ሳትጠራ ቤት መጣች። «እስቲ አሳየኝ» ብላ መኪናዋን ገልብጣ ከሆዷ ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ጮኸች። «ዱዌይን! የመጨረሻዋን ፊደል አላየሃትም እንዴ? ዲ እኮ ናት! የአፈር መኪና ምንጣፍ ላይ አውጥተህ ነው ተገለበጠችብኝ የምትለው?» አባዬ እስከ ጆሮው ቀላ። «ሳጥኑ ላይ ቀይ መኪና ነበር፤ ቀይ መኪና ገዛሁ» አለ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ ሳቅሁ። ቁጥር ለእስረኛ ነው ያለው ሰውዬ በአንዲት ፊደል ታስሮ ከረመ!

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ተቀመጡ። አሞርዛተሩን አሳጠሩት፤ የሚያነጥራትን ሞላ በጠንካራ ቀየሩት፤ መኪናዋ ሆዷ ምንጣፉን ሊነካ ድረስ ዝቅ አለች። በመጨረሻም የፊት ጎማዎቹን ጎን ሱፐር ግሉ የሚባለውን ሙጫ ቅባ አለችው፤ ጎኑ ከደረቀ ምንጣፉን አንቆ ይዞ አይገለብጣትም። አባዬ «ጎማ እንዲይዝ ሲደከም አይቻለሁ፤ እንዳይይዝ ሙጫ ሲቀባ ግን ዛሬ ገና አየሁ» ሲላት፣ «ዝም ብለህ ቅባ» አለችው። እነዚያ ጥርስ የለመዱ ጣቶቿ እንዴት እንደሚሠሩ ብታይ ታደንቃታለህ። እሱም ቢሆን በሰባ አንድ ዓመቱ አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ አስሮ «ይሄስ ለምን? ያስ ለምን?» እያለ እንደ ተማሪ ጠየቀ። ሁለቱንም አደነቅኋቸው። ስሙ ግን እሷም ልትሰጠው አትችልም፤ ስም የሚወጣው ከአጥሩ ነው፣ አጥሩ ደግሞ አሁንም ዝም ብሏል።

ውድድሩ ባለፈው እሁድ ነበር። አርብ ዕለት ማሪሴላ፣ አባዬ የዙር ሰዓቱን እንዲያይ ብላ የራሷን ዙር ቆጣሪ ነቅላ አዋሰችው። ቆጣሪዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዕቃ ናት፤ መኪናው መስመሩን ባለፈ ቁጥር ለኮምፒዩተሩ «አለፍኩ» የምትለው እሷ ናት። አባዬ ሲጨርስ ልመልስላት ብሎ ጃኬቱ ኪስ ከተታት። ሁለቱም ረሱ። እሁድ ጠዋት ማሪሴላ በማጣሪያው እንደዚያን ቀን ነድታ አታውቅም። ሰዉ አጨብጭቦ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ቢያይ፣ በስሟ ፊት ዜሮ! ከዋናው ማኅበር የመጣው ዳኛ «ኮምፒዩተሩ ያላየውን እኔም አላየሁም» አለ። አባዬ እጁን ኪሱ ከቶ ቆጣሪዋን ሲያገኝና ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። በሁለተኛው ማጣሪያ ደግሞ ማርሹ ጥርሱን ጨርሶ አቆማት። እናም ያቺ ማንም የማይደርስባት ሴት፣ በማጣሪያው ደካማ ውጤት ያመጡ በሚሰለፉበትና አንደኛ የሚወጣ ብቻ ወደ ላይ በሚያልፍበት በሦስተኛው ፍጻሜ፣ ከሁሉ ኋላ ተሰለፈች። እዚያው ፍጻሜ ውስጥ ከፊት የተሰለፈው ማን መሰለህ? አባዬ።

«በኔ ጥፋት ነው፤ ልውጣልሽ» አላት። እሷ ዓይኗ ቀልቶ «ከወጣህ ሁለተኛ አላናግርህም። ንዳ አልኩህ!» ብላ ትታው ወደ መንጃው መድረክ ወጣች።

ተለቀቁ። ቀይዋ መኪና የመጀመሪያውን ኩርባ ገባች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጁን «ቆማለች እኮ እማ!» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሁለተኛውንም ቆማ ወጣች። የፊተኞቹ እርስ በርስ ሲጋጩ አባዬ ሹልክ ብሎ መራ! ማሪሴላ ደግሞ ከኋላ አንድ በአንድ እየለቀመች መጥታ፣ ግማሽ ላይ ከጅራቱ ደረሰች። አለቀለት ብዬ ነበር። እሱ ግን በውስጥ በኩል ስትመጣ ውስጡን ዘጋ፤ በውጭ ስትመጣ ውጭውን። አንዴ እንኳ ሳይነካት፣ ንጹሕ በንጹሕ! መድረኩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት። መጀመሪያ «ዱዌይን!» አለች። ቆይታ «ኧረ ልቀቅ!» አለች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና፣ ያቺ ሚዛን የማትስት ልጅ፣ አዳራሹን የሚሰነጥቅ ድምፅ አወጣች፦ «ይሄ ሰውዬ የኩላሊት ጠጠር ነው! አይወጣ፣ አያስወጣ!»

ከዚያ አጥሩ ፈነዳ። «የኩላሊት ጠጠር! የኩላሊት ጠጠር!» እያሉ እንጨቱን በመዳፋቸው ይደበድቡ ጀመር፤ ያ ሚስተር ያለው ሰውዬ ከሁሉ ይበልጥ ይጮኻል። ቨርጂል ማይኩን ሊውጠው ምንም አልቀረው፦ «የኩላሊት ጠጠር ይመራል! ግብር ሰብሳቢዋ አስታማሚ ፍለጋ ላይ ናት!» አባዬ ግን ዓይኑን ከመኪናዋ አልነቀለም። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ማሪሴላ እጅ በማታስገባ ክፍተት ዘልቃ በአፍንጫ ቀደመችው። ልትቀድመው የሚገባት ናት፤ ያን ኩርባ እንደዚያ የሚገባ ሌላ ሰው አላውቅም። እሷ እያሸነፈች እስከ ዋናው ፍጻሜ ወጥታ ሦስተኛ ሆነች። አባዬ ግን አንዴም ሳይገለበጥ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከመድረኩ ስትወርድ ገና ትቆጣው ነበር። «አቃጠልከኝ እኮ! ደሜን አፈላኸው!» እያለች ከቨርጂል ፕላስተር ነጥቃ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጽፋ ሻንሲው ላይ ለጠፈችው። አባዬ ለወጉ ያህል «ተቃውሞ አለኝ» ቢል፣ አጥሩ ባንድ ድምፅ «ባለቤት አፉን ይዝጋ!» አለው። ዘጋ። ዓይኑን ግን መዝጋት አልቻለም፤ በመሐረብ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። ወንድሜ፣ አባታችን በሰው ፊት ሲሰደብ አይቼ እኔም በደስታ አለቀስኩ። ቨርጂል «ለዕጣው የገባኸው ሪሞትስ?» ብሎ ሲመጣ፣ አባዬ «የቱ ሪሞት?» አለና ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው። በምትኩ እኔ በሆምጣጤ ያሸግኩትን የኪያር ማሰሮ ሳያስፈቅደኝ ሰጣቸው።

በል እንግዲህ ልሰናበትህ። ብሮንዊንን በኔ ፈንታ አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለጁን ልክ ሆነ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ የታመመች ድመታችሁንም ጭምር ሳሙልኝ። ከርት ሰላም ብሎሃል፤ ጁን ደግሞ ፎቶ ላክልኝ ብላለች። ቨርጂል ሰላምታውን እንደ ውድድር ማስታወቂያ ጮኾ ነው የላከልህ። ማሪሴላም ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች። አባዬ የጻፍኩትን በትከሻዬ ላይ አነበበና ስለ መሐረቡ ያለውን አጥፊ አለኝ፤ አላጠፋሁም። «እሺ እንግዲያው ይህን ጨምሪበት» አለኝ፦ «ላይል፣ በጋ ላይ ስትመጣ መኪናህን ይዘህ ና። ልጄ ነህ ብዬ አላሳልፍህም።»

እህትህ ዊላ
ኤልም ፎርክ፣ ኢንዲያና
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2019