«ይጾማሉ ወይ?» ሳይባል ስለተሰጠ ኪኒን

ለክቡር አቶ ልመንህ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎንና ቤተሰብዎን ከስኳርም ከደም ግፊትም ይጠብቅልኝ፤ በተለይም ከራስዎ መድኃኒት ክፍል ኪኒን ከመቀበል ይሰውርዎ እላለሁ። እኔ ከወገዳ ወዲህ የምኖረው የእማማ ተዋበች ልጅ፣ ባንቺዓለም ነኝ። በቅርቡ በሕዝብ ስብሰባ ላይ እናቴን ስሟን ሳይጠሩ ስላነሷት፣ እኔም በስምዎ ጠርቼ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ እናቴን መርምራችሁ ጧትና ማታ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ የስኳር ኪኒን ስለሰጣችኋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ትእዛዛችሁ አጭር ስለነበር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች። ይጾማሉ ወይ ብላችሁ በከንቱ ስላላደከማችኋትም እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ፍልሰታ ገባ። በእኛ አገር ፍልሰታን ሕፃን እንኳ እንደሚጾም ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ እናቴም ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በአፏ አይዞርም። የመጀመሪያ ምግቧ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ የጧቱን ኪኒን ያን ጊዜ ዋጠች፤ ራት ስትበላ ደግሞ የማታውን ጨመረችበት። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቃት፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ እኔን ልጇን ማወቅ ተሳናት። ጎረቤቱ ዓይነ ጥላ ነው እያለ ሲሟገት፣ ባለሱቁ ከሪም ስኳር በጥብጦ መጣና ጥቂት በጥቂት አቀመሳት። ለስኳር በሽተኛ ስኳር ልታጠጣ ነው ወይ ብዬ እጁን ይዤው ነበር። ባይሰማኝ ነው እናት ያለኝ።

ሦስተኛ፣ ከሪም ኪኒኑ በጾም ስኳርን ከልክ በታች እንደሚያወርድ ያወቀው እናቱ ወይዘሮ ዚነት ያንኑ ኪኒን ውጠው በረመዳን ጾም ላይ ሳሉ እንዲሁ ስለወደቁ ነው። ያን ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ነግሮዎታል፤ እርስዎም አመስግነውት፣ ከእንግዲህ ጿሚውን ሁሉ እየጠየቅን ሰዓቱን እናስተካክላለን ብለው ሸኙት። ቃልዎን አምኖ ለእኛም ነገረን፤ እኛም አመንን።

አራተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ እርስዎ፣ አንዳንድ አሮጊቶች የታዘዙትን ሳይሰሙ ኪኒን እየደራረቡ ስማችንን ያጠፋሉ አሉ። ሰው ሁሉ ማንን ማለትዎ እንደሆነ ስላወቀ ዞሮ አያት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ያሉኝን ነው ያደረግሁት።»

ከዚያ ወዲህ ኪኒን የሚባል በአፏ አልዞረም። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ እግሯን እሳት ይለበልባታል፤ ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ባለቅስባትም ወይ ፍንክች። ክቡር ሆይ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ቢሆኑ አገሩን አያውቅም ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነዎት፤ እናቴ በወደቀችበት ቀን እርስዎም ጾመው ከእሷ ጋር አንድ ቅዳሴ አስቀድሰዋል። ያወቁትን ጥፋት በማታውቀው ላይ ጫኑባት። ከድተውናል።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሁዳዴ ሳይገባ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ አላጠፉም ብለው በአፍዎ ይንገሯት፤ የመድኃኒቷንም ነገር ከጾሟ ጋር አስማምተው ያስረዷት። ከእኔ አትሰማም፤ ከእርስዎ ትሰማ ይሆናል፤ ምክንያቱም፣ የሚያስገርመው፣ ዛሬም ታከብርዎታለች።

በእናቴ አክብሮት እንጂ በራሴ ሳይሆን እጅ የምነሣዎ፣
የማትሰማዋ አሮጊት ልጅ
ባንቺዓለም

ማስታወሻ፦ የእናቴ የነፍስ አባት መምሬ ወልደማርያም ከፍልሰታ በፊት፣ ሐኪሞቹ ስለ ጾሙ ምን አሉሽ ብለው ጠይቀዋት ነበር። ምንም አላሉኝም ስትላቸው፣ የሚከለክል ነገር ቢኖር ልመንህ ሳይነግርሽ አይቀርም ነበር ብለው፣ እርስዎን አምነው ጾሙን ፈቀዱላት። በዚህ ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ ንስሐ የገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።